ትራንዚስተርን ለሲግናል ማጉያ ባያስ የማድረግ መመሪያ

ትራንዚስተር ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር የሚባሉ ሦስት እግሮች አሉት። አንድ የሲሊከን ትራንዚስተር (እዚህ የምንጠቀምበት ኤንፒኤን የተባለው ዓይነት) የቤዙ ቮልቴጅ ከኤሚተሩ ቮልቴጅ በ0.6 ቮልት ገደማ እስኪበልጥ ድረስ ከኮሌክተሩ ወደ ኤሚተሩ ከረንት አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ከማይክሮፎን የሚመጣው ሲግናል ግን ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፤ ከስልክ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚወጣውም ቢሆን ግማሹን ጊዜ ከዜሮ በታች ነው። ስለዚህ ሲግናሉን በቀጥታ ከቤዙ ጋር ብናገናኘው ደካማው ሲግናል ትራንዚስተሩን ጨርሶ አይከፍተውም፤ የጠነከረውም ቢሆን የላይኛው ጫፉ ብቻ ያልፍና የቀረው ተቆርጦ ይጠፋል። ባያስ ማድረግ ማለት ምንም ሲግናል በሌለበት ጊዜም በትራንዚስተሩ ውስጥ የተወሰነ ቋሚ ከረንት እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ሲግናሉ ሲመጣ ይህ ከረንት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከኮሌክተሩ ጋር የተገናኘው ሬዚስተርም የከረንቱን መዋዠቅ ወደ ትልቅ የቮልቴጅ መዋዠቅ ይለውጠዋል። ሲግናል በሌለበት ጊዜ ትራንዚስተሩ የሚቆምበትን ከረንትና ቮልቴጅ በዚህ ጽሑፍ የዕረፍት ነጥብ እንለዋለን።

ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ የሠራሁት አንድ ማጉያ ነበረ፤ ከኃይል ምንጩ ወደ ቤዙ የሚሄድ አንድ ትልቅ ሬዚስተር ብቻ ነበረው፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር። ትራንዚስተሩ ሲቃጠል በዚያው ቁጥር ሌላ ገዝቼ ተካሁ፤ ድምፁ ግን ተሰባብሮ መውጣት ጀመረ። ካፓሲተሮቹን ቀየርኩ፣ ብየዳውን ደገምኩ፣ የኃይል ምንጩን ለወጥኩ፤ ለውጥ አልነበረም። ሁለት ቀን ከደከምኩ በኋላ ነበር የተበላሸ ዕቃ እንደሌለና ጥፋቱ ያለው በአሠራሩ ላይ መሆኑን የተረዳሁት። ከዚያ ወዲህ ለጀማሪ ሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ነገር ይህ ነው፦ የዕረፍት ነጥቡን መወሰን ያለባቸው ሬዚስተሮቹ እንጂ ትራንዚስተሩ አይደለም።

አንድ ሬዚስተር ለምን አይበቃም?

የኮሌክተሩ ከረንት የቤዙን ከረንት ስንት እጥፍ እንደሚሆን የሚገልጸው ቁጥር ቤታ ይባላል። ቤታ ከአንዱ ትራንዚስተር ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል። ለምሳሌ ቢሲ547 የተባለው ትራንዚስተር በሦስት ምድብ ተለይቶ የሚሸጥ ሲሆን የኤ ምድቡ ቤታ ከ110 እስከ 220፣ የቢ ምድቡ ከ200 እስከ 450፣ የሲ ምድቡ ደግሞ ከ420 እስከ 800 ነው። በአንድ ምድብ ውስጥ እንኳ እጥፍ ልዩነት የተፈቀደ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ ልዩነት ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው። የኃይል ምንጩ 12 ቮልት፣ የኮሌክተሩ ሬዚስተር 5.6 ኪሎ ኦም፣ ከምንጩ ወደ ቤዙ የሚሄደው ሬዚስተር ደግሞ 2.2 ሜጋ ኦም ይሁን፤ ኤሚተሩ በቀጥታ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት የሆነው መስመር) ላይ ነው። ወደ ቤዙ የሚገባው ከረንት 5.2 ማይክሮ አምፔር ገደማ ይሆናል። የትራንዚስተሩ ቤታ 200 ከሆነ የኮሌክተሩ ከረንት 1 ሚሊ አምፔር ገደማ ሆኖ ኮሌክተሩ 6.2 ቮልት ላይ ይቆማል፤ ይህ እጅግ መልካም ነው። ቤታው 400 የሆነ ትራንዚስተር በዚያው ቦታ ሲገባ ግን ከረንቱ በእጥፍ አድጎ ኮሌክተሩ ከግማሽ ቮልት በታች ይወርዳል፤ ወደ ታች የሚወዛወዝበት ቦታ ስለማይኖረውም የሲግናሉን ግማሽ ይቆርጣል። ቤታው 110 የሆነው ደግሞ 8.8 ቮልት ላይ ይቀራል። እኔ ሁለት ቀን የደከምኩበት ችግር ይኸው ነበር።

መድኃኒቱ አራት ሬዚስተር የሚፈልገው፣ ቤዙን በቮልቴጅ አካፋይ የሚይዘውና ኤሚተሩ ላይ ሬዚስተር ያለው አሠራር ነው። ሁለት ሬዚስተሮች ከምንጩ እስከ ግራውንድ ተከታትለው ይገናኛሉ፤ መሐላቸው ያለው ነጥብ ከቤዙ ጋር ይያያዝና የቤዙን ቮልቴጅ ባለበት ያቆመዋል። ሦስተኛው ሬዚስተር ከምንጩ ወደ ኮሌክተሩ፣ አራተኛው ከኤሚተሩ ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ይህ አራተኛው ነው። በሙቀት ወይም በቤታ ልዩነት ምክንያት ከረንቱ ለመጨመር ቢሞክር በኤሚተሩ ሬዚስተር ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፍ ይላል፤ ቤዙ ግን በአካፋዩ ተይዞ ስለማይንቀሳቀስ በቤዙና በኤሚተሩ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ ልዩነቱ ሲጠብ ከረንቱ ተመልሶ ይቀንሳል። ትራንዚስተሩ ራሱን በራሱ ይቆጣጠራል ማለት ነው፤ ይህም አሉታዊ ግብረ መልስ ይባላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

12 ቮልት የሚሰጥ የኃይል ምንጭ፣ ብሬድቦርድ (ዕቃዎች ያለ ብየዳ የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ ዲጂታል መልቲሜትር፣ ሁለት ወይም ሦስት ቢሲ547 ወይም 2ኤን3904 ትራንዚስተሮች፣ 220 ኦም፣ 1 ኪሎ ኦም፣ 5.6 ኪሎ ኦም፣ 15 ኪሎ ኦምና 82 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ እንዲሁም ሁለት ባለ 2.2 ማይክሮ ፋራድና አንድ ባለ 100 ማይክሮ ፋራድ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች በቂ ናቸው። ከአሮጌ ቴፕ ወይም ሬዲዮ ቦርድ የተነቀሉ ዕቃዎችን መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ያረጁ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ቋሚ ከረንት ማሾለክ ስለሚጀምሩና የዕረፍት ነጥቡን ስለሚያዛቡ እነሱን በአዲስ መተካት ይሻላል። በጣም ካረጀ ሬዲዮ የወጣ ትራንዚስተር ደግሞ ጀርማንየም ሊሆን ይችላል፤ ጀርማንየም የሚከፈተው ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ላይ በመሆኑና አብዛኛውን ጊዜም ፒኤንፒ (ቮልቴጁና ከረንቱ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሆኑበት ዓይነት) በመሆኑ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች አይሠሩለትም።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ እግሮቹን መለየት

ቢሲ547ን ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እርስዎ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገው ሲይዙት ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። 2ኤን3904 ግን በተቃራኒው ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። አንዱን በሌላው ሲተኩ ይህን መርሳት የተለመደ ስሕተት ስለሆነ ሁልጊዜ በመልቲሜትር ያረጋግጡ። መልቲሜትሩን ወደ ዳዮድ መለኪያ ያዙሩት፤ ቀዩን ጫፍ ቤዙ ላይ አድርገው ጥቁሩን በሁለቱ ሌሎች እግሮች ላይ ተራ በተራ ሲያስነኩ ሁለቱም ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ማንበብ አለባቸው። ጥቂት ከፍ ያለውን ንባብ የሚሰጠው እግር ኤሚተሩ ነው። ከሁለቱ አንዱ ምንም ካላነበበ ወይም ዜሮ ካነበበ ትራንዚስተሩ ተበላሽቷል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ከረንቱንና የኮሌክተሩን ቮልቴጅ መምረጥ

ለአነስተኛ የድምፅ ሲግናል 1 ሚሊ አምፔር ገደማ የሆነ የኮሌክተር ከረንት ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ በጣም ሲበልጥ የማጉያው መግቢያ ከሲግናል ምንጩ ብዙ ከረንት መጠየቅ ይጀምራል፤ በጣም ሲያንስ ደግሞ ተከታዩን ክፍል የመንዳት አቅም ያጣል።

ቀጥሎ የኤሚተሩን ቮልቴጅ እንመርጣለን። የተለመደው ልማድ የምንጩን አንድ አሥረኛ መስጠት ነው፤ ለ12 ቮልት 1.2 ቮልት መሆኑ ነው። ይህን መጠን ዝም ብለን የምንቀበለው አይደለም። ከረንቱ ሳይለወጥ በቤዙና በኤሚተሩ መካከል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በ2 ሚሊ ቮልት ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ በ10 ዲግሪ ማለዳ የተስተካከለ ማጉያ ሰመራ ላይ በ40 ዲግሪ ከሰዓት በኋላ ቢሠራ ልዩነቱ 60 ሚሊ ቮልት ይሆናል። ኤሚተሩ ላይ 1.2 ቮልት ካለ 60 ሚሊ ቮልት የእሱ 5 ከመቶ ብቻ ስለሆነ ከረንቱም የሚለወጠው በዚያው መጠን ገደማ ነው። የኤሚተር ሬዚስተር ሳይኖር ቤዙን በቋሚ ቮልቴጅ የያዘ ሰው ግን በዚያው 60 ሚሊ ቮልት ከረንቱ አሥር እጥፍ ሲያድግ ያያል። ስለዚህ ኤሚተሩ ላይ የምናስቀምጠው አንድ ቮልት የሚባክን መስሎ ቢታይም የምንከፍለው ለእርጋታ ነው፤ ከ1 ቮልት በታች እንዲወርድ አልመክርም።

የኮሌክተሩ ቮልቴጅ መቆም ያለበት ሊደርስባቸው በሚችላቸው ሁለት ጫፎች መካከል ነው። የላይኛው ጫፍ ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ የሚደርስበት 12 ቮልት ነው። የታችኛው ጫፍ ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት፣ ማለትም ኮሌክተሩ ከኤሚተሩ 0.2 ቮልት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ሲቀር ነው፤ ይህም 1.4 ቮልት ገደማ ይሆናል። የሁለቱ መካከል 6.7 ቮልት ነው። ብዙ ጀማሪዎች የምንጩን ግማሽ፣ 6 ቮልትን ይወስዳሉ፤ ኤሚተሩ የያዘውን ቦታ ስለሚረሱ ግን የታችኛው ጫፍ ቀድሞ ይቆረጥባቸዋል።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ሬዚስተሮቹን ማስላት

የኮሌክተሩ ሬዚስተር መጣል ያለበት ቮልቴጅ 12 ሲቀነስ 6.7፣ ማለትም 5.3 ቮልት ነው። ይህን ለ1 ሚሊ አምፔር ስናካፍል 5.3 ኪሎ ኦም ይመጣል፤ በገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ቅርቡ 5.6 ኪሎ ኦም ነው። ኤሚተሩ ደግሞ 1.2 ቮልት ለ1 ሚሊ አምፔር ሲካፈል 1.2 ኪሎ ኦም ይፈልጋል። ይህን በአንድ ሬዚስተር ፋንታ በተከታታይ በተገናኙ ባለ 220 ኦምና ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች እንሠራዋለን፤ ድምሩ 1.22 ኪሎ ኦም ነው። ለምን እንደከፈልነው ወደ ካፓሲተሮቹ ስንደርስ ግልጽ ይሆናል።

ቤዙ ከኤሚተሩ 0.65 ቮልት ከፍ ስለሚል 1.85 ቮልት ላይ መቆም አለበት። አሁን አካፋዩ ምን ያህል ከረንት ይሳብ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ቤታ ዝቅተኛ ሆኖ 100 ቢሆን እንኳ ቤዙ የሚወስደው 10 ማይክሮ አምፔር ነው። አካፋዩ ከዚህ አሥር እጥፍ ወይም ጥቂት የበለጠ ከረንት ካለፈበት የቤዙ ድርሻ ቮልቴጁን ብዙም አያናጋውም። 120 ማይክሮ አምፔርን እንውሰድ፦ የታችኛው ሬዚስተር 1.85 ቮልት ለ0.12 ሚሊ አምፔር ሲካፈል 15.4 ኪሎ ኦም ይሆናል፤ 15 ኪሎ ኦም እንመርጣለን። በላይኛው ሬዚስተር የአካፋዩም የቤዙም ከረንት ስለሚያልፍበት 10.15 ቮልት ለ0.13 ሚሊ አምፔር ስናካፍል 78 ኪሎ ኦም ይመጣል፤ ቅርቡ 82 ኪሎ ኦም ነው። የአካፋዩን ከረንት ከዚህ እጅግ ማብዛት የዕረፍት ነጥቡን ይበልጥ ቢያረጋጋም ሁለቱ ሬዚስተሮች ሲያንሱ የሚመጣውን ሲግናል ወደ ግራውንድ መሳብ ስለሚጀምሩ አሥር እጥፍ አካባቢ መቆየቱ ሚዛናዊ ነው።

ከረንቱ ስሌታችን ካለው ከ1 ሚሊ አምፔር ትንሽ ያንሳል። በመረጥናቸው እሴቶች ቤታው 200 ለሆነ ትራንዚስተር የኮሌክተሩ ከረንት 0.94 ሚሊ አምፔር፣ ቤዙ 1.8 ቮልት፣ ኤሚተሩ 1.15 ቮልት፣ ኮሌክተሩ 6.8 ቮልት ገደማ ይሆናል። ቤታው ወደ 100 ቢወርድ ኮሌክተሩ 7.0 ቮልት ላይ፣ ወደ 400 ቢወጣ 6.6 ቮልት ላይ ይቆማል። ቤታ በአራት እጥፍ ሲለወጥ ኮሌክተሩ የተንቀሳቀሰው በ0.4 ቮልት ብቻ ነው። በአንድ ሬዚስተር ከተሠራው ጋር ሲያነጻጽሩት ልዩነቱ የሚያስደስት ነው።

በሁለቱ መካከል የሚገኝ ሌላ አሠራርም አለ፤ የቤዙን ሬዚስተር ከምንጩ ሳይሆን ከኮሌክተሩ ማምጣት ነው። በ5.6 ኪሎ ኦም ኮሌክተርና በ1 ሜጋ ኦም የቤዝ ሬዚስተር ቤታ ከ100 ወደ 400 ሲሄድ ኮሌክተሩ ከ7.9 ወደ 4.1 ቮልት ይወርዳል። ኤሚተሩ ላይ የሚባክን ቮልቴጅ ስለሌለ በ3 ቮልት ባትሪ ለሚሠራ ትንሽ ማጉያ ይመረጣል፤ 12 ቮልት ላለው ሰው ግን የአካፋዩ አሠራር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አራተኛው ደረጃ፦ ሬዚስተሮቹን ብቻ አገናኝቶ መለካት

ካፓሲተሮቹንና ሲግናሉን ገና አያገናኙ። ትራንዚስተሩን ብሬድቦርዱ ላይ ይሰኩ፤ 5.6 ኪሎ ኦሙን ከኮሌክተሩ ወደ 12 ቮልት፣ 82 ኪሎ ኦሙን ከ12 ቮልት ወደ ቤዙ፣ 15 ኪሎ ኦሙን ከቤዙ ወደ ግራውንድ ያገናኙ። 220 ኦሙን ከኤሚተሩ ይጀምሩ፤ በእሱ ሌላኛ ጫፍ ላይ 1 ኪሎ ኦሙን ቀጥለው ወደ ግራውንድ ያውርዱ። ከማብራትዎ በፊት ምንጩ ራሱ 12 ቮልት መሆኑን ይለኩ፤ ርካሽ ቻርጀር መሳይ ምንጮች ጭነት በሌለበት ጊዜ 16 ቮልትና ከዚያ በላይ ሲሰጡ ይታያል።

ጥቁሩን የመልቲሜትር ጫፍ ግራውንድ ላይ አድርገው በቅደም ተከተል ቤዙን፣ ኤሚተሩንና ኮሌክተሩን ይለኩ። 1.8፣ 1.15 እና 6.8 ቮልት ገደማ ካገኙ ሥራው ተሳክቷል። ሬዚስተሮቹ 5 ከመቶ ስሕተት የተፈቀደላቸው ከሆኑ ኮሌክተሩ ከ6 እስከ 7.5 ቮልት ባለው ውስጥ ቢገኝ አይጨነቁ። በአሮጌ ባለ መርፌ መልቲሜትር የሚለኩ ከሆነ ግን መሣሪያው ራሱ ከቤዙ ከረንት ስለሚስብ ንባቡ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ዲጂታል መልቲሜትሮች 1 ወይም 10 ሜጋ ኦም ያህል መግቢያ ስላላቸው ይህ ችግር የለባቸውም።

ንባቡ ከተባለው ሲርቅ ሦስቱን ቮልቴጆች አንድ ላይ ማንበብ የጥፋቱን ቦታ ያሳያል። ኮሌክተሩ ሙሉ 12 ቮልት ከሆነ በትራንዚስተሩ ከረንት እያለፈ አይደለም። በዚህ ጊዜ ቤዙም ዜሮ ከሆነ የላይኛው የአካፋይ ሬዚስተር አልተገናኘም ማለት ነው። ቤዙ 1.85 ሆኖ ኤሚተሩ ዜሮ ከሆነ በትራንዚስተሩ ውስጥ የቤዝና የኤሚተር መገናኛው ተበጥሷል። እጅግ የሚያሳስተው ኮሌክተሩ 12 ቮልት ሆኖ ኤሚተሩ 1.4 ቮልት ገደማ ሲያነብ ነው፤ ኤሚተሩ ቮልቴጅ ስላለው ከረንት ያለ ይመስላል፣ ነገር ግን የኤሚተሩ ሬዚስተር ተቋርጦ መንገዱን የሞላው የመልቲሜትሩ የራሱ ጥቂት ማይክሮ አምፔር ነው። በሌላ በኩል ኤሚተሩ ወደ 2.2 ቮልት ከፍ ብሎ ኮሌክተሩ ከእሱ በ0.1 ቮልት ያህል ብቻ ከበለጠ 15 ኪሎ ኦሙ ስላልተገናኘ ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። ቤዙና ኤሚተሩ አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ቮልቴጅ ካሳዩ ሁለቱ እግሮች በብሬድቦርዱ ላይ ወይም በትራንዚስተሩ ውስጥ ተነካክተዋል።

አምስተኛው ደረጃ፦ ካፓሲተሮቹን መጨመር

ካፓሲተር ቋሚውን ቮልቴጅ አግዶ ሲግናሉን ያሳልፋል። በመግቢያው ላይ የሚገባው ካፓሲተር ባይኖር የሲግናል ምንጩ በደከምንበት የቤዝ ቮልቴጅ ላይ ጣልቃ ገብቶ ያበላሸው ነበር። የዚህ ማጉያ መግቢያ 10 ኪሎ ኦም ገደማ ስለሆነ ባለ 2.2 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ከ7 ሄርዝ ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ያሳልፋል፤ ለሰው ጆሮ ከበቂ በላይ ነው። ፖዘቲቭ እግሩ ወደ ቤዙ ይሁን። መውጫው ላይም ተመሳሳዩን ያድርጉ፤ ፖዘቲቭ እግሩ ወደ ኮሌክተሩ ይሁን።

አሁን የኤሚተሩን ሬዚስተር ለምን እንደከፈልነው እንመለከታለን። የማጉላት መጠኑ በግምት የኮሌክተሩ ሬዚስተር በኤሚተሩ በኩል ለሚገኘው ተቃውሞ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በኤሚተሩ በኩል ካሉት ሬዚስተሮች በተጨማሪ ትራንዚስተሩ ራሱ ውስጣዊ ተቃውሞ አለው፤ መጠኑም 26 ሚሊ ቮልት ለከረንቱ ሲካፈል የሚገኘው፣ በእኛ ከረንት 27 ኦም ገደማ ነው። ምንም ካፓሲተር ካላደረግን 1.22 ኪሎ ኦሙ በሙሉ ስለሚሠራ ማጉላቱ ከ5 እጥፍ በታች ይቀራል። ሙሉውን 1.22 ኪሎ ኦም በትልቅ ካፓሲተር ብናልፈው (ሲግናሉ በሬዚስተሩ ፋንታ በካፓሲተሩ በኩል ወደ ግራውንድ እንዲሄድ ብናደርግ) ደግሞ 27 ኦሙ ብቻ ስለሚቀር ማጉላቱ ወደ 200 እጥፍ ይደርሳል። ይህ ለጆሮ የሚማርክ ቁጥር ነው፤ ሆኖም ያ 27 ኦም ከከረንቱ ጋር አብሮ ስለሚለዋወጥ ሲግናሉ ከፍ ሲል ማጉላቱም ይጨምራል፣ ዝቅ ሲል ይቀንሳል፤ ድምፁም ይዛባል። ስለዚህ ካፓሲተሩ 1 ኪሎ ኦሙን ብቻ እንዲያልፍ፣ 220 ኦሙ ግን ለሲግናሉም እንዲታይ እናደርጋለን። ባለ 100 ማይክሮ ፋራዱን ፖዘቲቭ እግር በ220ው ኦምና በ1 ኪሎ ኦሙ መገናኛ ላይ፣ ኔጌቲቭ እግሩን ግራውንድ ላይ ያገናኙ። ማጉላቱ 5600 ለ247 ሲካፈል 22 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የትራንዚስተሩ ጠባይ ቢለወጥም ብዙ አይንቀሳቀስም። ቋሚው ከረንት የሚያልፈው ግን አሁንም በሁለቱም ሬዚስተሮች በመሆኑ የዕረፍት ነጥቡ አልተነካም፤ ካፓሲተሮቹን ከጨመሩ በኋላ ሦስቱን ቮልቴጆች ደግመው ለክተው ይህንኑ ያረጋግጡ። ከተለወጡ አንዱ ካፓሲተር ያሾልካል ወይም ተገልብጦ ገብቷል።

ስድስተኛው ደረጃ፦ ሲግናል ማስገባት

ከስልክ በሚወርድ የሲግናል ማመንጫ መተግበሪያ 1000 ሄርዝ ድምፅ ያዘጋጁና ድምፁን ከዝቅተኛው ጀምረው በዝግታ ከፍ ያድርጉ። መውጫውን ከኃይል ማጉያ ወይም የራሱ ማጉያ ካለው ስፒከር ጋር ያገናኙ። ባለ 8 ኦም ስፒከርን በቀጥታ ከኮሌክተሩ ጋር ማገናኘት ከንቱ ነው፤ 5.6 ኪሎ ኦሙ ከ8 ኦም ጋር ጎን ለጎን ሲሆን የሚቀረው 8 ኦም ብቻ ስለሆነ ሲግናሉ በማጉላት ፋንታ ከመጣበት እንኳ ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

ተከታዩ ክፍል ራሱ ጭነት መሆኑንም አይርሱ። መግቢያው 10 ኪሎ ኦም የሆነ ማጉያ ሲገናኝ ኮሌክተሩ የሚያየው ተቃውሞ ወደ 3.6 ኪሎ ኦም ወርዶ ማጉላቱ ከ22 ወደ 14 ተኩል ገደማ ይቀንሳል፤ ወደ ላይ የሚወዛወዝበት ቦታም ከ5 ቮልት ወደ 3.4 ቮልት ገደማ ይጠባል። በመሆኑም የሚገባው ሲግናል ጫፉ ከ0.2 ቮልት እንዳይበልጥ ያድርጉ።

ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው የመውጫውን ቅርጽ ማየት ይችላል። ድምፁን ሲጨምሩ የቅርጹ ላይኛው ጫፍ አስቀድሞ ጠፍጣፋ ከሆነ ትራንዚስተሩ እየተዘጋ ነው፤ ከረንቱ እንዲጨምር 82 ኪሎ ኦሙን በ75 ኪሎ ኦም ይተኩ። የታችኛው ጫፍ ቀድሞ ከጠፈጠፈ ሙሉ በሙሉ እየተከፈተ ስለሆነ 91 ኪሎ ኦም ያድርጉት። ሁለቱ ጫፎች በአንድ ጊዜ መቆረጥ ሲጀምሩ የዕረፍት ነጥቡ ለዚያ ጭነት ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው በጆሮው ቢፈርድም ይሠራል፤ ጥርት ያለው የ1000 ሄርዝ ፉጨት መጎርነን የጀመረበት ነጥብ ላይ ድምፁን ጥቂት መልሶ ይቀንስ።

ሲግናል ሳይኖር መውጫው ላይ እየጎረነነ የሚሰማ ድምፅ ካለ ምንጩን ይጠርጥሩ። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ በትራንስፎርመርና በዳዮዶች ከተሠራ ምንጭ የሚወጣው ጉርምርምታ 100 ሄርዝ ነው። ይህ ጉርምርምታ በ82 ኪሎ ኦሙ በኩል ወደ ቤዙ ወርዶ ከሲግናሉ ጋር አብሮ ይጎላል። መፍትሔው ከምንጩ ወደ ማጉያው በሚሄደው መስመር ላይ 220 ኦም በተከታታይ አስገብቶ፣ ከእሱ በኋላ ባለ 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ማውረድ ነው። የ100 ሄርዙ ጉርምርምታ ከ60 እጥፍ በላይ ይቀንሳል፤ የምናጣው ቋሚ ቮልቴጅ ግን ከሩብ ቮልት አይበልጥም።

ወደ ብየዳ ከመሄድዎ በፊት

ብሬድቦርዱ ላይ እያለ ትራንዚስተሩን አውጥተው በሌላ፣ ከተቻለም ምድቡ በተለየ ይተኩና የኮሌክተሩን ቮልቴጅ እንደገና ይለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካልበለጠ ሬዚስተሮቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ከዚያ በኋላ ማጉያውን ለግማሽ ሰዓት አብርተው ይተዉት፤ በጣትዎ ትራንዚስተሩን ይዘው ሲያሞቁት ኮሌክተሩ የሚንቀሳቀሰው በአንድ አሥረኛ ቮልት ገደማ ብቻ መሆን አለበት። ይህንን ካለፈ ይበይዱት። ብየዳው ሲያልቅም ቤዝ፣ ኤሚተርና ኮሌክተር ላይ የለኩትን ቮልቴጅና የምንጩን ቮልቴጅ በወረቀት ጽፈው በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ ይለጥፉ፤ ከዓመታት በኋላ ሳጥኑን የሚከፍተው ሰው ሦስቱን ነጥቦች ለክቶ ከወረቀቱ ጋር ሲያስተያይ ጥፋቱ ከዚህ ክፍል ይሁን ከሌላ በሁለት ደቂቃ ያውቃል።